ያልዋኙ ዓሣዎች

አንድ ከሰፊ ሐይቅ ዳር የሚኖር ቢምረው የሚባል እንጨት ጠራቢ ነበር። ለገበሬው ሞፈርና ቀንበር፣ ለሙሽራው አልጋ እየሠራ ይተዳደራል። ነፍሱ ያለችው ግን በእንጨት ዓሣ ላይ ነበር።

የእንጨት ዓሣ ከዋንዛ የሚቀረጽ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ማጥመጃ ነው። ከአገጩ ሥር ቁራጭ ቆርቆሮ ይሰካለታል፤ ከሆዱና ከጭራው መንጠቆ ይንጠለጠልበታል። ታንኳ ላይ ሆነው በክር ሲጎትቱት ቆርቆሮዋ ውሃውን እየገፋች ግራና ቀኝ ታወዛውዘዋለች። ትልቁ ዓሣም የቆሰለ ትንሽ ዓሣ ያገኘ መስሎት ይውጠዋል።

የቢምረው የእንጨት ዓሣዎች ውበታቸው ለጉድ ነበር። ጀርባቸው የሐይቁን ሰማያዊ፣ ሆዳቸው የንጋትን ሰማይ ይመስላል። ቅርፊታቸውን አንድ በአንድ በላባ ጫፍ ነበር የሚስላቸው። ከቤቱ ማገር ላይ በክር ተሰቅለው፣ ነፋስ በገባ ቁጥር እንደ መንጋ አብረው ይዞራሉ። እንግዳ ሲመጣ ሰላምታ የሚሰጠው ወደ ላይ አንጋጦ ነው። ባለቤቱ ትርንጎ ደግሞ፣ «በዚህ አገር ከዓሣ በታች የምንኖር እኔና ቢምረው ብቻ ነን» እያለች ትቀልዳለች።

ታዲያ ከእነዚያ ሁሉ ዓሣዎች አንዱም ውሃ ነክቶ አያውቅም። የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ የቢምረው መልስ አንድ ነው፤ «አንድ እጅ ይቀረዋል» ይላል። አንድ እጅ ማለቱ አንድ ጊዜ መቀባት ማለቱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጎረምሳነቱ ነው። ያኔ የመጀመሪያውን የእንጨት ዓሣ ቀርጾ፣ ቀለም ብቻ ቀብቶ፣ ፈንቴ ለሚባል የታወቀ ዓሣ አጥማጅ ሰጠው። እንጨቱ ዘይት አልጠጣም፣ ቀዳዳውም አልተደፈነም። ስለዚህ ውሃውን እስኪበቃው ጠጣ። እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ፣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ፣ ከወደ ሆዱም ተሰነጠቀ። ፈንቴ ያንን ጉድ በክር አንጠልጥሎ ወደ ዳር ሲመለስ የገበያ ቀን ነበርና የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈነዳ። አንድ ቀልደኛ ቢምረውን «ድፎ» ብሎ ጠራው፤ ስሙም ለአንድ ክረምት ተጣብቆበት ከረመ። ቢምረው አብሯቸው ስቋል።

ሌላው ሰው ሁሉ ነገሩን ረሳው። እሱ ብቻ አልረሳም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጨት ውሃ የማይገባበት እንዴት እንደሆነ ሲመራመር ኖረ። ሞራ ቀባ፣ ሰም ቀባ፣ መጨረሻ ላይ የተልባ ዘይት አገኘ። ሥራውንም እንደ እሱ የሚያውቀው ጠፋ። የተቀረጸውን ዓሣ በብርጭቆ ወረቀት እንደ ሕፃን ጉንጭ እስኪለሰልስ ይፈትገዋል። ለብ ያለ የተልባ ዘይት ውስጥ ነክሮ እንጨቱ እስኪጠግብ ያጠጣዋል፤ ፀሐይ እንዳያሰነጥቀውም ጥላ ውስጥ ሰቅሎ ያደርቀዋል። መንጠቆ የሚታሰርባቸውን ቀዳዳዎች በሰም ይደፍናል፤ ውሃ ሰተት ብሎ የሚገባው በሰፊው ሆድ ሳይሆን በጠባቧ ቀዳዳ መሆኑን ያውቃልና። ከዚያ ቀለም ይቀባል፣ ከቀለሙ በላይ ቫርኒሽ ይደርባል።

እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። እሱ ግን ማቆም አልቻለም። አንዱ ላይ ትንሽ አረፋ ያያል፣ ሌላው ላይ የጣቱ አሻራ ይታየዋል፤ እንደገና ይደርባል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ዓሣዎቹ ይበልጥ አንጸባረቁ፣ ይበልጥ ወፈሩ፣ ይበልጥም ከውሃ ራቁ።

አንድ ዓመት እምቦጭ የሚሉት አረም ሐይቁን ወረረ። ዳር ዳሩን እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ሸፈነው። አጥማጆቹ መረብ የሚጥሉት ዳር ላይ ነበርና መረቡ አረሙን እየሰበሰበ ይበጣጠስባቸው ጀመር። አገሬው ወጥቶ በእጁ ቢነቅልም፣ የነቀለው ቦታ ደርቆ ሳያልቅ ሌላው ይበቅላል። ታንኳ የምታልፍበት ጠባብ መንገድ ብቻ ከፍተው ቀሩ። ቤተሰብ ሁሉ መቸገር ያዘ፤ አንዳንዱም በሩን ዘግቶ ተሰደደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈንቴ ራሱ ወደ ቢምረው ቤት መጣ። አሁን ሸምግሏል። ሊሰናበት ነበር የመጣው። ታንኳውን ገልብጦ ዛፍ ሥር አስቀምጦ፣ ስንቁንም አስሮ፣ ከወጣቶች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ሊወርድ መሆኑን ነገራቸው። ትርንጎ በዚያ ዕድሜው የቆላን ሐሩር እንዴት እንደሚችለው እያሰበች ጠላ ቀዳችለት።

ሽማግሌው የቀረበለትን ጠላ ቀመስ አድርጎ ወደ ላይ አንጋጠጠ። የእንጨት ዓሣዎቹ በነፋሱ ይዞራሉ።

«መሐሉ ላይ ዓሣው ሞልቷል» አለ። «መረባችን ነው እንጂ ጥልቁ ላይ የማይሠራው፣ ክር ይሠራል። ከእነዚህ አንዷን ብትሰጠኝ እኮ አልሄድም ነበር፣ ቢምረው።»

ቢምረው ልቡ እሺ አለ። ወዲያው ግን ያ የገበያ ቀን ሳቅ ጆሮው ውስጥ አስተጋባ።

«አንድ እጅ ይቀራቸዋል፣ አያ ፈንቴ» አለ። «ክረምቱ ይውጣና እሰጥዎታለሁ።»

ፈንቴ አልለመነም፣ አልተቀየመምም። «እግዜር እጅህን ይባርከው» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ያ ምርቃት ቢምረውን ከእርግማን በላይ ቆጠቆጠው።

በማግሥቱ ጠዋት ትርንጎ በርጩማ ላይ ቆማ አንዲት ሰማያዊ ጀርባ ያላት ዓሣ ከማገሩ ስትፈታ ቢምረው ደረሰባት። ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቃት።

«ይቺ የእኔ ናት» አለችው። «በሠርጋችን ማግሥት ሰጥተኸኝ፣ አንድ እጅ ልጨምርላት ብለህ ወሰድክና አልመለስካትም።»

እውነቷን ነበር። ትርንጎ የደሴት ልጅ ናት። እዚያ ሴቱም ወንዱም ከመራመዱ እኩል መቅዘፍ ይማራል። ዓሣዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወረደች። እሱም «ቆይ፣ ቆይ» እያለ ከኋላዋ ተከተላት።

ለመንገድ ሲነሣ ካገኘችው ከፈንቴ ጋር የተገለበጠችውን ታንኳ አቀኑና ገቡባት። ሴትዮዋ ቀዘፈች፣ ሽማግሌው ክሩን ያዘ። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሄዷልና ሰው ከየቤቱ እየወጣ ዳር ላይ ተኮለኮለ። ቢምረው ከአንድ ሾላ ሥር ቆሞ አሻግሮ ያያል። ታንኳዋ ከእምቦጩ እንዳለፈች ፈንቴ ዓሣዋን ወደ ውሃው ወረወራት።

ቢምረው ገና በመጀመሪያው ጉተታ ገባው። ዓሣዋ አትወዛወዝም። ከውሃው ፊት ላይ እያንጸባረቀች፣ በጎኗ ተጋድማ እንደ ማገዶ ፍልጥ ትጎተታለች። የዓመታት ቫርኒሽ አገጯን አድበልብሎታል፣ የሆዷን መንጠቆ አጣብቆ አስሮታል፣ ጀርባዋንም አክብዶታል። ታንኳዋ ደጋግማ ብትዞር ያቺን ነገር ዞር ብሎ ያያት ዓሣ አልነበረም።

ቢምረው አንገቱን ደፍቶ የሰዉን ሳቅ ጠበቀ። ሳቁ አልመጣም። ቀና ብሎ ሲያይ እሱን የሚመለከተው አንድም ሰው የለም። ሁሉም ዓይኑን ሐይቁ ላይ ተክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ክሩ ይወጠር ይሆን እያለ ይጠብቃል። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ትጸልያለች። ያን ጊዜ ነው ቢምረው ደንግጦ ነገሩን የተረዳው። ስንት ዓመት ሙሉ ይህ ሕዝብ ሊስቅበት የተዘጋጀ ይመስለው ነበር። ሕዝቡ ግን እራት ነበር የሚፈልገው።

ትርንጎ ተመልሳ ዓሣዋን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«አልሰመጠችም፣ አልተሰነጠቀችም» አለች ቀስ ብላ። «ግን አትዋኝም።»

ቢምረው ከፈንቴ ፊት ቆሞ፣ መንገዱን ጥቂት ቀን እንዲያዘገይለት ለመነው። ሽማግሌውም እሺ አለ።

ጠራቢው ቤቱ ገብቶ ቢላዋውን ሳለና ዓሣዋን ይፍቅ ጀመር። ቫርኒሹ ንጣፍ በንጣፍ ተነሣ፤ ከሥሩ ቀለም፣ ከቀለሙ ሥር ደግሞ ሌላ ቫርኒሽ ወጣ። ፍቅፋቂው ጉልበቱ ላይ ተከመረ። መጨረሻ ላይ እንጨቱ ብቅ አለ። ቢምረው በጥፍሩ ነካ አደረገው፣ ወደ አፍንጫውም አስጠግቶ አሸተተው። ከዚያ ሁሉ ድርብርብ ሥር ዋንዛው ደህና ነበር። ደረቅና ቀላል ነበር፤ የመጀመሪያውን ዘይት ይዞ እንደ አዲስ ይሸታል። ብቻውን ፈገግ አለ።

ከዚያ እንደገና ሠራት። አገጯን አሳጠረ፣ ቆርቆሮዋን አቀና፣ ለብ ያለ ዘይት አጠጣት፣ ቀዳዳዋን በሰም ደፈነ። ጥላ ውስጥ ሰቅሎ መድረቋን ይጠብቅ ጀመር። ፈንቴ ትዕግሥቱ አልቆ በየጠዋቱ እየመጣ በጣቱ ሊነካት ሲሞክር ቢምረው እጁን ይይዘዋል። እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም ውሎ አድሮ እንደሚላጥ፣ ዘይቱ ሳይደርቅ ማንም ሰው ቢቆጣው ብሩሽ እንደማያነሣ ነገረው። በዚህስ ትክክል ነበር። ሽማግሌው እያጉረመረመ ይመለሳል፤ በማግሥቱ ግን መምጣቱ አይቀርም።

ዘይቱ ሲደርቅ ስስ ቀለም ቀባት። ቀለሙ ሲደርቅ ስስ ቫርኒሽ ደረበባት። እሱም ደረቀ።

በዚያ ጠዋት ቢምረው ዓሣዋን ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ አገላበጣት። ከጭራዋ አጠገብ አንዲት የብሩሽ ፀጉር ቫርኒሹ ውስጥ ተጣብቃ ቀርታለች። ከእሱ በቀር ማንም የማያያት ነገር ናት። እጁ ሳያዘው ወደ ብሩሹ ሄደ። የቫርኒሹን ጣሳ ክዳን አነሣ። ትርንጎ መቅዘፊያዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየዋለች። ቢምረው ቀና ብሎ መቅዘፊያዋን አየና ብሩሹን አስቀመጠ። ከዚያ ክዳኑን መልሶ ከደነና በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አጠበቀው።

«በቃች» አለ።

ትርንጎ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም ነበር።

ወደ ሐይቁ ሦስቱም አብረው ወረዱ። ቢምረው ታንኳ ላይ ከወጣ ዘመን ሆኖታል፤ ከደንገል የተሠራችውን ታንኳ ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ ሲይዝ ፈንቴ ሳቁን መግታት አልቻለም። ቢምረው ራሱም ሳቀ። ከእምቦጩ ሲያልፉ ዓሣዋን በገዛ እጁ ወረወራት፤ ክሩንም ለቀቅ ለቀቅ አደረገው። ትርንጎ ቀዘፈች። ያቺ ትንሽ እንጨት ውሃው ውስጥ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ተምዘገዘገች። ጋጣ እንደተከፈተላት ጥጃ ቦረቀች።

«እዩዋት» አለ ቢምረው። «ትዋኛለች።»

ገና ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ክሩ ተወጠረና መዳፉን አቃጠለው። ታንኳዋ አፍንጫዋን አዙራ ወደ ጥልቁ ትሳብ ጀመር። ፈንቴ ከወገቡ አቅፎ ያዘው፤ እንዲለቅ፣ እንዲይዝ፣ እንደገና እንዲለቅ ያዘዋል። ቢምረውም እንደ ታዘዘው ያደርጋል። ብዙ ከታገሉ በኋላ የክንድ ያህል የሚረዝም ነጭ ዓሣ ሆዱን እያብለጨለጨ ከታንኳዋ ጎን ብቅ አለ። ሽማግሌው የዓሣውን ጉንጭ ይዞ ጎተተና አስገባው፤ ሁለቱ ሰዎች ዓሣውን አቅፈው የታንኳዋ ወለል ላይ ተንከባለሉ። ትርንጎ መቅዘፊያዋን ጥላ እልል አለች። እልልታዋ በውሃው ላይ ተንሸራቶ ዳር ደረሰ፤ ከዳሩም በብዙ አፍ ሆኖ ተመለሰ።

በዚያ ቀን ታንኳዋ ሞልታ ነው የተመለሰችው። ቢምረው መሬት እንደረገጠ የእንጨት ዓሣዋን አገላብጦ መረመራት። መንጠቆው እየተወዛወዘ ሆዷን ጭሮታል፣ ቆርቆሮዋ ተጣሟል፣ ከጀርባዋም ሰማያዊው ትንሽ ተፍቋል። ውሃ ግን አልገባባትም። ለአንዲት የብሩሽ ፀጉር እንቅልፍ ያጣ የነበረው ሰው ያቺን የተጫረች ዓሣ ይዞ፣ ልጁ የመጀመሪያ ጥርስ እንዳወጣለት አባት፣ ለሁሉም እያሳየ ዞረ።

በማግሥቱ የቤቱን ማገር ባዶ አደረገው። ዓሣዎቹን በእንቅብ ጭኖ ወደ ሐይቁ ዳር አወረዳቸው፤ ቢላዋ ያለው ሁሉ እየመጣ መፋቅ ያዘ። ቢምረው በመካከላቸው እየተዘዋወረ እንጨቱ ዘይት እንዴት እንደሚጠጣ፣ ሰም የት እንደሚገባ፣ የቱ ላይ ማቆም እንደሚገባ አሳያቸው። ያልተሳኩም ዓሣዎች ነበሩ። አንዱ ክብ እየሠራ ብቻ ይዞራል፣ አንዱ ሰምጦ ቀረ፣ አንዱ ደግሞ ከሆዱ ተሰነጠቀ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ግን ቢምረው ነበር። ስቆ ሲያበቃ የተሰነጠቀውን አንሥቶ ለምን እንደተሰነጠቀ መረመረ። ሰሙ ያልደረሰባት አንዲት ቀዳዳ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የሠራቸውን ሁሉ በዚያች በኩል አጠበቃቸው። በዚያ አንድ ወር ከሐይቁ የተማረው፣ በቤቱ ተቀምጦ በዕድሜው ሙሉ ከተማረው ይበልጥ ነበር።

ፈንቴ የቋጠረውን ስንቅ ፈታ። በራቸውን ዘግተው ከሄዱትም ወሬውን ሰምተው የተመለሱ ነበሩ። ሕዝቡ ጠዋት ጠዋት እምቦጩን ይነቅላል፣ ከዚያ ታንኳውን ይዞ ወደ መሐል ይወጣል፤ ማምሻውን ከዳሩ የዓሣ ጥብስ ሽታና የሰው ሳቅ ይሰማል። ትርንጎም ዓሣዋን ይዛ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላዋሰቻትም፤ ለቢምረውም ቢሆን።

ወዳጄ ሆይ፣ ይህ ታሪክ ችኮላን አያወድስም። ዘይት ያልጠጣ እንጨት ውሃ ላይ ቢጥሉት ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ያልተዘጋጀ ሰውም እንዲሁ ነው። ዘይቱ እስኪደርቅ መታገሥ ጥበብ ነው። ነገር ግን ዘይትና ቫርኒሽ የሚቀቡት ውሃ ውስጥ ለመግባት እንጂ ከውሃ ለመሸሽ አይደለም። በቋንቋችን «በቃ» ማለት ተፈጸመ ማለት ነው፤ ለማዕረግ ደረሰ ማለትም ነው። እንከን የሌለው ሥራ የለም፤ የሚጠቅም ሥራ ግን አለ። የቀረውንም ጉድለት የሚያሳየንና የሚያስተካክልልን ሥራው ራሱ ነው። ብዙዎቻችን የተማርነውን ሳናስተምር፣ የጻፍነውን ሳናስነብብ፣ ይቅርታችንን ሳንናገር የምንቆየው ሰዎች ይስቁብናል ብለን ነው። ይታዘቡናል ብለን የምንሸሻቸው ሰዎች ግን እየጠበቁን ይሆናል።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ተዘጋጅቶ ያለቀውን ከእጃችሁ ያልለቀቃችሁት ምንድን ነው? ዳር ላይ ቆሞ የሚጠብቀውስ ማን ነው?